የአርዲስ ሃምሳ ጥይቶች

ኦገስት 24፣ እሑድ
ቲማቲም ሳሽግ ዋልኩ። ጎረቤቴ አርዲስ መጥተው ቀኝ እጃቸውን አሳዩኝ። አንጓው እንደገና አብጧል። ባለ ስድስት ጎራሹ ሽጉጣቸው ሲተኮስ የሚራገጠውን መቋቋም አልቻሉም። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው።
«የሴፕቴምበሩ የተኩስ ውድድር ከቀረብኝ እሸጠዋለሁ» አሉ። ሟች ባላቸው የሰጧቸውን ሽጉጥ...
«ለስለስ ያለ ጥይት ልሥራልዎት?»
ቤቴ ጥይት የምሞላው ለራሴ ብቻ ነው፤ እንዴት ከአፌ ወጣ?

ኦገስት 27፣ ረቡዕ
ባሩድ ቀነስኩ። እጅ አይመታም፤ ግን ኢላማው ላይ እንደ ዶሮ ጭረት ተበታተነ። የተኩስ ሜዳው ኃላፊ ኦሪን አልማረኝም። «ቬልማ፣ ይሄ ጥይት ነው ወይስ ፈንዲሻ?»
መቀነስ ብቻ አይበቃም ማለት ነው። አባቴ ስለ ጥይት አሠራር በመኖ ደረሰኝ ጀርባ የጫራቸውን ወረቀቶች አወጣሁ። ትምህርት ቤቴ እነሱ ናቸው።

ኦገስት 31፣ እሑድ
ቀላል የእርሳስ አረር፣ ቶሎ የሚነድ ባሩድ፣ ያውም ቁንጥር። አምስት ተኮስኩ፤ አምስቱም ቀዳዳ በቲማቲም ብልቃጤ ክዳን ተሸፈነ። ተገኘ።

ሴፕቴምበር 4፣ ሐሙስ
የአርዲስን ሃምሳ ጥይት ጨረስኩ። ለሃምሳው የሚበቃ ባሩድ መዝኜ ኩባያ ውስጥ አድርጌ ነበር፤ ለመጨረሻው ቀለህ አልደረሰም። መሀል ላይ እህቴ ደውላ ነበር። ሳወራ ደፍቼ ይሆናል... ከባሩዱ ቆርቆሮ ጨመርኩበት። ወስጄ ሰጠኋቸው። «ልደቴ ነው እንዴ?» አሉ።

ሴፕቴምበር 6፣ ቅዳሜ
ጠዋት የመሥሪያ ጠረጴዛዬን ጠረግኩ። አንድም የባሩድ ቅንጣት የለም። ወለሉም ላይ የለም። ታዲያ የት ሄደ?
አልተደፋም። አንዱ ቀለህ ሁለት ጊዜ ተሞልቷል። ባሩዱ ቁንጥር ስለሆነ፣ እጥፉም ቀለሁ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ሽጉጡ ግን ይፈነዳል። እጅ... ዓይን...
ለአርዲስ ደወልኩ። አይነሳም። ቅዳሜ ጠዋት ተኩስ ሜዳ ናቸው፤ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ስልክ አይሠራም። አሥራ አንድ ማይል የጠጠር መንገድ። እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም። ከመኪናው ስወርድ ያ ለስላሳ ድምፅ ይሰማል። አንድ... ደግሞ አንድ...
በሜዳው ደንብ ማንም ይሁን ማን «ተኩስ አቁሙ» ካለ ሁሉም መሣሪያውን ያስቀምጣል። ሃያ ዓመት ስመላለስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ጮህኩ።
ተኩሱ ቆመ። አርዲስ ዞሩ። «አንቺ ነሽ የጮኽሽው?»
«ስንት ቀረዎት?»
«አሥራ ስምንት። ምነው፣ ልትነጥቂኝ ነው?»
«አዎ።»
ሰው ሁሉ እየሰማ ጥፋቴን ተናገርኩ። ኦሪን እንኳ አልቀለደም።
ቤት መጥቼ አንድ በአንድ ፈታኋቸው። አሥራ አራተኛው ላይ ባሩዱ እጥፍ ነበር።

ሴፕቴምበር 7፣ እሑድ
አርዲስ አልደወሉም። እኔስ ደውዬ ምን እላለሁ?
አባቴ ጽፎታል፦ «እርሳሱን ከመግጠም በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በባትሪ ማየት።» አንብቤው ነበር። ለጀማሪ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሴፕቴምበር 11፣ ሐሙስ
አርዲስ ባዶ ቀለሆቻቸውን በብስኩት ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።
«ከእንግዲህ የኔን ጥይት እንዴት...» አልኩ።
«ሌላ ማን ይሠራልኛል? ኦሪን? ስትሠሪ ስልክሽን ብቻ ወዲያ ጣይው።»

ሴፕቴምበር 15፣ ሰኞ
ሌላ ባሩድ አገኘሁ፤ ቀላል ሆኖ ቦታ የሚሞላ። ሆን ብዬ አንዱን ቀለህ ሁለቴ ሞላሁት። አፉን አልፎ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። ይሄኛው መደበቅ አይችልም። ብክነት እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም። አምስቱ ቀዳዳም እዚያው ክዳን ሥር ገባ።

ሴፕቴምበር 20፣ ቅዳሜ
አርዲስ በውድድሩ ሰባተኛ ወጡ። ከአሥራ አንድ።
መጀመሪያ ከመተኮሳቸው በፊት ሽጉጡን እንዳስቀመጡ ዞረው አዩኝ።
«ቀለሆቹን አየሻቸው?»
«በባትሪ፣ አንድ በአንድ።»
ሠላሳ ጥይት ተኮሱ። ዳግመኛ ዞረው አላዩኝም።