ጓዴ የተባለው ውሻ ከቀዩ የሩጫ መስመር እንዳይታገድ

ለአካባቢው የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ማክሰኞ፣ የወሩ አሥራ አራተኛ ቀን

ጉዳዩ፦ ሯጭን አጅቦ እንጂ አባርሮ የማያውቅ ውሻዬ ከእስራት ተፈትቶ የልጄ ልምምድ እንዲቀጥል ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

አስቀድሜ ይህን ማመልከቻ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ የጻፍኩት እኔው ራሴ መሆኔን በአክብሮት አስታውቃለሁ። ትናንት ወረቀት ፍለጋ ብቅ ስል በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ሰውዬ «ና ልጻፍልህ» ብለውኝ ነበር። «አይ ጋሼ፣ እርስዎ ዛሬ አረፍ ይበሉ» ብዬ አልፌያቸዋለሁ። የማታ ትምህርቴን ከጨረስኩ ገና ወር አልሞላኝም፤ አስተማሪያችን ግን የእኔን ጽሑፍ ከፍ አድርገው ለክፍሉ አሳይተዋል። ስለዚህ በዚህ ወረቀት ላይ ድንገት የሚያምር ነገር ቢያገኙ የሌላ ሰው እጅ አለበት ብለው እንዳይጠረጥሩ እለምናለሁ።

1. ሥራዬ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ነው። በመንደሩ ‹ጥልቁ› የምባለው እኔ ነኝ። በጽሕፈት ቤትዎ ጓሮ ያለውን ጉድጓድም የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ውሃው ከጣፈጠዎት ምስጋናውን ለእኔ፣ ካልጣፈጠዎት ወቀሳውን ለአፈሩ ይስጡልኝ።

2. ባለፈው ዓመት ጽሕፈት ቤትዎ በመንደራችን ዙሪያ ሦስት የሩጫ መስመሮች አውጥቶ በየድንጋዩ ላይ በቀለም ቀስት አስቀብቷል። አረንጓዴው ቤቶቹን ዞሮ የሚመለስ ነው። ቢጫው በእርሻው ዳር እስከ ወፍጮ ቤቱ ይሄዳል። ቀዩ ደግሞ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ዳገቱን ወጥቶ፣ ጫካውን ሰንጥቆ፣ በድልድዩ በኩል አልፎ፣ በአሮጌው ድንጋይ ማውጫ ዞሮ የሚመለስ ነው። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ከቀስቶቹ አንዱ ያረፈው በእኔ አጥር ማዕዘን ላይ ስለሆነ በግሌም ኮርቻለሁ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር በዚያ በኩል ነው የምሸኘው።

3. ልጄ በቀዩ መስመር መሮጥ የጀመረችው ገና ቀለም ሳይነካው ነው። ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው አቋራጭ ያው ስለነበር፣ እሷም ከእንቅልፏ የምትነሳው ደወሉ ሊደወል ሲል ስለነበር፣ ሯጭ ያደረጋት እንቅልፍ ነው ብል አልዋሸሁም። ጓዴ ያኔ ቡችላ ነበር። አንድ ጠዋት ተከተላትና ከዚያ ወዲህ አልተለያዩም። ሰው ሲሮጥ ካየ አብሮ መሮጥ የጨዋ ደንብ ይመስለዋል። አሁን ልጄ በሚቀጥለው ወር ጽሕፈት ቤትዎ ለአካባቢው ቡድን ሯጮችን በሚመርጥበት ውድድር ላይ ትሰለፋለች። የስፖርት አስተማሪዋ በዳገት የሚይዛት የለም ይላሉ። እኔ በሜዳም የሚይዛት የለም እላለሁ፤ ግን አባት ነኝና ቃሌ በግማሽ ይያዝልኝ።

4. አሁን ወደ ክሱ ልግባ። ከሁለት ሳምንት በፊት እሑድ ከከተማ የመጡ የጤና ሯጮች ቀዩን መስመር ያዙ። ጓዴ አጥሩ ሥር ተኝቶ ነበር። ሰው ሲሮጥ ሲያይ እንደ ልማዱ ተነስቶ አብሮ ሮጠ። እነሱ የሚያሳድዳቸው መስሏቸው ፍጥነት ጨመሩ። እሱ ደግሞ ከልጄ ሌላ የሚመጥነው ሰው በመገኘቱ ደስ ብሎት ጨመረ። እነሱ ጨመሩ፣ እሱም ጨመረ፣ በመጨረሻ ዞር ብሎ እንኳ ሳያያቸው አልፏቸው ሄደ። ክቡር ኃላፊ፣ የሚያባርር ውሻ የሚያባርረውን ሰው ቀድሞ ይሄዳል? ይህን ጥያቄ በየትኛውም ዳኛ ፊት ቆሜ እጠይቃለሁ።

ድልድዩ ጋ ሲደርስ ጭራውን እየቆላ ቆሞ ጠበቃቸው። ልጄንም የሚጠብቃት እዚያው ነው። እነሱ ግን መንገድ ዘግቶ ያደባባቸው መሰላቸውና ጫካው ውስጥ ቆሙ። ቢጠብቃቸው ሲቀሩበት ምን ነካቸው ብሎ ተመለሰ። ያን ጊዜ ነው ነጭ ኮፍያ ያደረጉት፣ ሞላ ያለ ሰውነት ያላቸው ሰውዬ ዛፍ ላይ የወጡት። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ እሳቸው ከላይ፣ ጓዴ ከታች፣ ሁለቱም እያለከለኩ ይተያያሉ። የቀሩት ጓደኞቻቸው በየቁጥቋጦው ነበሩ። «ወንድሜ፣ ያዝልኝ» አሉኝ። «ጋሼ፣ እሱ እኮ የሚጠብቀው ወርደው ሩጫውን እንዲጨርሱ ነው» አልኳቸው። ቃሌ አላጽናናቸውም።

ትከሻዬን ረግጠው ከወረዱ በኋላ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፣ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፣ እንደገና አዩት። በዕድሜያቸው እንደዚያ ፈጥነው ሮጠው እንደማያውቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለእኔ ብቻ ነገሩኝ። ፈገግም ብለው ነበር። ፊታቸው የተለወጠው ጓደኞቻቸው ከየተደበቁበት ወጥተው ጎጆ ልትሠራ ነው ወይ፣ እንቁላሉስ የታለ እያሉ ሲስቁባቸው ነው። ክሱን ያመጣው ሳቅ እንጂ ጥርስ አይደለም። የሱሪያቸው ቀዳዳ የዛፉ ሥራ ነው፤ ቁራጭ ጨርቁ እስከ ዛሬ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል።

5. በዚያው ሳምንት ረቡዕ የጽሕፈት ቤትዎ ማስታወቂያ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሰው እህሉን ይዞ ተራ ይጠብቅ ነበር። የሚያነብልን ማን አለ ሲባል ሰምቼ፣ የተማርኩት ለዚች ቀን መሆኑን ነግሬያቸው፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። «በቀዩ መስመር ላይ ሯጮችን የሚያባርር ውሻ» እስከሚለው ድረስ እንደ ውሃ አወረድኩት። የማን ይሆን ይሄ ባለጌ ውሻ ብዬም ከራሴ ጨመርኩበት። ቀጥሎ የመጣው «ንብረትነቱ የጉድጓድ ቆፋሪው የሆነ» የሚል ነው። በሕይወቴ ለሕዝብ ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ የራሴ ክስ ሆኖ አረፈው። ባለወፍጮዋ ሳቋን በነጠላዋ አፍና «ቀጥል እንጂ ጥልቁ፣ ጥሩ እያነበብክ ነው» አለችኝ። ቀጠልኩ። ውሻው በማንኛውም ሰዓት ታስሮ እንዲውል፣ ተፈትቶ ቢገኝ እንዲወገድ ይላል። «እንዲወገድ» የምትለውን ቃል ሁለት ጊዜ አነበብኳት።

6. ትእዛዙን አክብሬ ዕለቱን አሰርኩት። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴ ብዙ የምትናገር ሰው አይደለችም፤ ከተናገረች ግን ይግባኝ የለውም። «ውሻው ታስሮ ልጄ በዚያ ጫካ ብቻዋን አታልፍም» አለች።

እውነቷን ነው። ከጫካው እስከ ድንጋይ ማውጫው አንድም ቤት አይታይም። ድልድዩ ላይ ተቀምጠው የሚውሉ ጎረምሶች አሉ። ጓዴ አብሯት ሲኖር «እህታችን፣ በርቺ» ይሏታል። አንድ ቀን ጓዴ እግሩን አሞት ብቻዋን ስታልፍ መንገድ ዘግተው ያሏትን እዚህ አልጽፈውም፤ መጻፍ አቅቶኝ አይደለም።

7. እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። በመጀመሪያ እኔው ላጅባት ተነሳሁ። በወጣትነቴ የሚቀድመኝ አልነበረም፤ ያን የሚያስታውስ ሰው ብዙም ባይገኝም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ደህና ነህ ወይ አባዬ አለችኝ። ዳገቱ ሥር ደግማ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ ጠይቃ እንደሆነ አላውቅም፣ ሩቅ ነበረች። የእኔ ሙያ ወደ ታች ነው እንጂ ወደ ፊት አያስኬድም። ቀጥዬ የማታ አስተማሪዬን ብስክሌት ተዋስኩ። ጫካው ውስጥ ካቴናው ተበጠሰና እኔ ብስክሌቱን ተሸክሜ፣ እሷ እኔን አጅባ ተመለስን። ከዚያ በአረንጓዴው መስመር ትለማመድ ተባለ። ቤቶቹን ስትዞር፣ ደግማ ስትዞር፣ አክስቴ በሯ ላይ ሆና «ይህች ልጅ ምን ጠፋባት? ኑ እንፈልግላት» ብላ ጎረቤቱን ጠራች። ሁለት ሴቶች ጎንበስ ብለው መፈለግ ጀምረው ነበር። አስተማሪዋም ቤት በመዞር ዳገት አይለመድም ብለዋል።

አሁን ልጄ ጠዋት ጠዋት ጫማዋን አድርጋ ጓዴ ከታሰረበት ግንድ አጠገብ ትቀመጣለች። እሱ ገመዱን ይስባል፣ እሷ አንገቱን ትዳብስለታለች። ትናንት ጫማዋን ፈታ «አባዬ፣ ዘንድሮ ይቅርብኝ» አለችኝ። ዝናብ እንኳ ያላስቀራት ልጅ ናት። በቤታችን ለሁሉም ነገር ቀልድ የማላጣው እኔ ነኝ፤ ለዚህ ግን አጣሁ። ተነስቼ ወረቀት ፈለግኩ።

8. ስለዚህ ክቡርነትዎን የምጠይቀው፦

ሀ. ልጄ ጠዋት በምትለማመድበት ሰዓት ጓዴ ተፈትቶ አብሯት እንዲሮጥ እንዲፈቀድልኝ፤ በቀረው ሰዓት በገመድ እይዘዋለሁ። ክትባቱን የጨረሰ ስለመሆኑ የእንስሳት ሐኪሙ የሰጡኝ ወረቀት ተያይዟል።

ለ. በቀዩ መስመር መነሻ ላይ «ውሻው አብሮ ሯጭ ነው፤ ቢቀድምዎ አይዘኑ» የሚል ሰሌዳ እንዲቆም። እንጨቱን ከጽሕፈት ቤትዎ፣ ጽሑፉን ከእኔ። የእኔ ነፃ ነው።

ሐ. ነጭ ኮፍያ ያደረጉት ሰውዬ ተጠርተው የዚያን ዕለት ሰዓታቸው ላይ ያዩትን እንዲናገሩ፤ ጓደኞቻቸው በሌሉበት ቢሆን ይመረጣል።

ይህን ማመልከቻ ይዛልዎ የመጣችው ልጄ ናት። ከመንደራችን ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የሚያመጣው ቅርቡ መንገድ በጫካውና በድልድዩ በኩል ስለሆነ፣ እናቷ የለቀቀቻት እኔ ከኋላዋ እንድከተል ተማምለን ነው። ጓዴ እንደታዘዘው ታስሮ ቀርቷል። አንብበው ሲጨርሱ እባክዎ በመስኮት ወደ መንገዱ ይመልከቱ። እኔ ገና ካልታየሁ፣ ልጄ ድልድዩን ያለፈችው ብቻዋን ነው። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም።

ትንፋሼን ለመንገዱ እየቆጠብኩ፣
ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ጥልቁ፣ ጉድጓድ ቆፋሪው
(ፊርማ ነው፤ የጣት አሻራ አይደለም)