ውሃው በየት በኩል ገባ

ሐምሌ 26፣ ማክሰኞ
ዛሬም ዝናብ። የቢሮው ጣሪያ ያንጠባጥባል፤ ባልዲ ደቅነንለታል። ዛሬ ያጣራሁት፦ "ሽንኩርት ትራስ ስር ማስቀመጥ ጉንፋን ያድናል።" አያድንም። አንድ ሐኪም ደውዬ ጠየቅኩ፣ ሳቀብኝ። "ሥራሽ ይሄ ነው?" ነው እንግዲህ... ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ወሬ አጣሪ። እናቴ ለሰው ማስረዳት ሲያቅታት "ዜና ላይ ናት" ብላ ታልፈዋለች።

ሐምሌ 28፣ ሐሙስ
እህቴ ሰፈር ጎርፍ ገባ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። አራት ሰው ሞተ። አንዱ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ነው። የስፌት መኪናዬን ላውጣ ብሎ ተመልሶ ገብቶ...
እህቴ፣ ባሏና ሁለቱ ልጆች እኔ ቤት ናቸው። እህቴ አላለቀሰችም። የረጠቡ ፎቶዎቿን ወለል ላይ ዘርግታ ታደርቃለች።

ሐምሌ 29፣ ዓርብ
"ከሰፈሩ በላይ ያለው ግድብ በር ጠባቂ ሰክሮ በሩን ከፍቶት ነው።" ጠዋት አንድ ሰው በስልኩ ጽፎ ለቀቀው፤ እስከ ምሳ ሰዓት አገር ምድሩ አወራው። ቪዲዮም አለው፤ ውሃው በግድብ በሮች ሲንደቀደቅ።
አለቃችን (ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ "ቶሎ በሉ" እንለዋለን) ጠረጴዛዬ ላይ ተደገፈ። "ሁሉም እያወራው እኛ ዝም እንበል?"
"አላጣራሁትም።"
"እንግዲያው 'ተብሏል' በይበት።"
አልኩበት። በገዛ እጄ። ለምን? ደክሞኝ ነው? ወይስ እኔም አንድ ጥፋተኛ አምሮኝ...
ቤት ስገባ እህቴ ሰምታዋለች። "አየሽ? ሰው ነው የጨረሰን!" ያኔ ገና አለቀሰች። ቀለል ሲላት አየሁ። እሱ ነው የከፋኝ።

ሐምሌ 30፣ ቅዳሜ
ቪዲዮው ላይ ያሉትን በሮች ቆጠርኩ። አራት። የኛ ግድብ ያለው ሁለት። ስፈልግ ዋልኩና አገኘሁት፤ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ከሌላ አገር። ለቶሎ በሉ ደወልኩ። "ቪዲዮው ውሸት ቢሆንም ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል እኮ!"
ይችላል። ደግሞ ላይሆን ይችላል።

ነሐሴ 2፣ ሰኞ
በር ጠባቂው ቤት ሄድኩ። መስኮቶቹ እንዳሉ ረግፈዋል። ሚስታቸው በሩን ገርበብ አደረጉት።
"ማን ነሽ?"
"ከሬዲዮ ጣቢያው..."
ድርግም። እዚያው ቆምኩ። ቆየት ብለው ከፈቱ። "ግቢ። አይተሽው ሂጂ።"
በር ጠባቂው አልጋ ላይ ናቸው። ስልሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ግራ ዓይናቸው በፋሻ ታስሯል። ድንጋይ። ዓርብ... ከዜናው በኋላ። ሐኪሙ ከእንግዲህ አያይም ብሏል።
"ሬዲዮው ሲያወራ እኔም ደነገጥኩ፣ ልጄ" አሉኝ። "ከፍቼው ይሆን እንዴ ብዬ ሄጄ አየሁት። ዝግ ነው። መንገድ ላይ ሰዎች አገኙኝ፣ ስመለስ።"
የጻፍኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። "እግዜር ይማርዎት" ብዬ ወጣሁ። ፈሪ።

ነሐሴ 3፣ ማክሰኞ
የግድቡ መዝገብ "ዝግ" ይላል። ግን የሚሞሉት በር ጠባቂው ራሳቸው ናቸው፤ አይበቃም። ከግድቡ እስከ እህቴ ሰፈር ወንዙን ተከትዬ በእግሬ ወረድኩ። ወንዙ ዳር የአትክልት ቦታ አለ። አንድ ጎመን አልተነካም! ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?
እህቴን ጠየቅኳት። "ውሃው በየት በኩል ገባ?"
"በጓሮ። የኩሽናውን በር ገንጥሎ።"
"ወንዙ እኮ በፊት ለፊት ነው።"
አየችኝ። ደግማ አየችኝ። "ታዲያ ከጓሮ ያለችው እኮ... ያቺ ጅረት ናት" አለች፣ ቀስ ብላ።

ነሐሴ 4፣ ረቡዕ
ጅረቷ አስፋልቱን የምታልፈው ከስሩ ባለ ቱቦ ነው። ቱቦው ታፍኗል። የብሎኬት ስባሪ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ የቤት ፍርስራሽ። ዝናቡ ሲበዛ መውጫ አጥታ ወደ ሰፈሩ ዞረች። ይዣት የሄድኩት የመንገድ መሐንዲስ ጎንበስ ብላ አየችና "ግድቡስ ይሄ ነው፤ የሠራችሁት እናንተ" አለች።
ከፍርስራሹ መሃል ዓሣ የተሳለበት ሰማያዊ ሴራሚክ... አውቀዋለሁ። እህቴ አምና ከመታጠቢያ ቤቷ ያስነቀለችው ነው።
ባሏን ጠየቅኩት። አልካደም። "እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ሰፈሩ በሙሉ ነው እዚያ የሚደፋው!" እውነቱን ነው።
"ይሄንን በሬዲዮ ልታወሪው ነው?"
"አዎ፣ ጋሼ።"
"በልብስ ሰፊው ደም ልታስጠይቂን?"
እህቴ ፎቶዎቿን አንድ በአንድ እየሰበሰበች ነበር።

ነሐሴ 6፣ ዓርብ
ጠዋት ሄዱ። ወደ ባሏ ወንድም ቤት። ልጆቹ ሳሙኝ፤ እሷ አልሳመችኝም።
ቶሎ በሉ "ማስተካከያ አንድ መስመር ይበቃዋል" አለ። አይበቃውም አልኩ። ማይኩ ፊት ራሴ ተቀመጥኩ። ስለ ቪዲዮው፣ ስለ ጎመኑ፣ ስለ ቱቦው ተናገርኩ። ማን እንደደፋውም... "የእኔም ቤተሰብ አለበት።" ከዚያ፦ "ያን ዜና ሳላጣራ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"
በር ጠባቂው ቤት ደወልኩ። ሚስታቸው አነሱት። "ሰምተናል" አሉ። ዘጉት። ምን ጠብቄ ነበር?

ነሐሴ 14፣ ቅዳሜ
እህቴ እስካሁን ስልክ አታነሳም።
ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከኋላዬ፦ "ያ ሰካራም ነው እኮ ያስጨረሳቸው። ሬዲዮም ተናግሯል።" ዱሮ ቢሆን ጆሮ ዳባ ልበስ እል ነበር። ዞር አልኩ።
"አልሰከሩም። አልከፈቱም። የተሳሳተው ሬዲዮው ነው።"
"አንቺ በምን አወቅሽ?"
"ዜናውን የጻፍኩት እኔ ነኛ።"
"ጉድ!" አለ አንዱ። ፊቴ እሳት ሆነ፤ ግን አላቀረቀርኩም።
ስወርድ አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት ተከትለውኝ ወረዱ። ክንዴን ያዙኝ።
"ልጄ፣ እውነት ሰውየው አልከፈተም?"
"አልከፈቱም፣ እማማ።"
"ውይ... እኔ እኮ ጠዋት ማታ ስረግመው ነው የከረምኩት። በስንት እንባ። እርግማኑን አሁን እንዴት አድርጌ ልመልሰው?"
"እኔም አላወቅኩም፣ እማማ" አልኳቸው።
ዝናቡ ጀመረ። ክንዴን አልለቀቁም። ቆምን።