ድንቢጥ በአፍንጫዋ የበላች ጊዜ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያስቸግርሻል? አራሷ ሚስቴና ሕፃኑስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን። ይህን ሳልዋሽ ስጽፍልሽ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። በስልክ ልንገርሽ ብል እንባ ይቀድመኛል ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ባለፈው ስንነጋገር ድምፄ አላማረሽም ነበር። እውነትሽን ነው። ለደም ካንሰሩ የሚሰጣት መድኃኒት የልጄን የድንቢጥን አፍ አቁስሎት ምራቋን መዋጥ እንኳ ጭንቅ ሆኖባት ነበር። በማንኪያ ስለምናት ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች። ከመክሳቷ የተነሳ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ። ሐኪሟ መዝኗት ፊቱ ጠቆረ፤ እንዲህ ተጎድታ ቀጣዩን መድኃኒት ሰውነቷ እንደማይችለው፣ ክብደቷ እስኪመለስ መቆየት እንዳለበት ነገረኝ። በሽታው ፋታ ሊያገኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ ገብቶ ምግቡ በቀጥታ ሆዷ ይድረስ ስትለኝ እንቢ አልኩ። ቱቦ የሚገባው ተስፋ ለተቆረጠበት ሰው ይመስለኝ ነበር። ሴትዮዋ አልተቆጣችኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ልጆች ሰውነታቸው ሲጠገን መድኃኒቱን እንደሚችሉት፣ ቁስላቸውም ቶሎ እንደሚድን አስረዳችኝ። ለካ ድንቢጥ ትሰማ ኖሯል።

«አባዬ፣ በአፍንጫዬ ከበላሁ አፌ ያርፋል አይደል?» አለችኝ።

እሺ አልኩ። ሲያስገቡላት እጄን ጨምድዳ ይዛ አለቀሰች፤ እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። በማግስቱ ግን ለጎን አልጋዋ ልጅ ዝሆን ሆኛለሁ እያለች ትጎርር ነበር።

በቱቦው የሚሰጣት ወተት መጀመሪያ አስመለሳት፤ ቀነስ ሲያደርጉላት ረጋላት። እያደር ጉንጯ ሞላ፣ አፏ ዳነ፣ መድኃኒቱም ቀጠለ። ትናንት የአጥንት መቅኔዋ ምርመራ ውጤት መጣ፤ ክፉዎቹ ሕዋሳት አልታዩም። ሐኪሟ ገና ረጅም ሕክምና እንደሚቀራት፣ ተዘናግተን እንዳናቋርጥ አስጠንቅቆኛል። ሲወጣ ግን ጸጉር አልባ ራሷን ዳበስ አድርጎ ሳቀ።

ዛሬ ቱቦው ወጣላትና እንቁላል አማራት። ቀቅዬ ባመጣላት ቀምሳ፣ ጨው የለውም ብላ ገፋችው። እማዬ፣ ሰው ምግብ ሲያማርርብኝ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጨው ነስንሼ መለስኩላት፤ ጥርግ አድርጋ በላችው።

ለሚስቴ ወሬውን አጠገቧ ቁጭ ብለሽ አንቺው ንገሪያት። ሕፃኑን ሳሚልኝ። እህቴን ስለ ድካሟ ሁሉ አመስግኚልኝ፤ አጎቴንም ጤና ይስጥልኝ በይልኝ። ድንቢጥ ደግሞ አልጋዬን ለሕፃኑ እንዳትሰጡብኝ፣ መጥቼ እተኛበታለሁ ብላችኋለች።

ልጅሽ
ከሆስፒታሉ የልጆች ክፍል፣ መጋቢት 9 ቀን