ልጄን የማያሳየው ወረቀት

ተማም ወንድሜ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ ይመር ነኝ። የምትጽፍልኝ የልጄ የኢድሪስ ሚስት ለይላ ናት። ልጄ በዓለም ጫፍ ወዳለው የበረዶ ባሕር ሄዷል፤ ዓሣ ነባሪ የሚበላትን፣ ክሪል የሚሏትን ጣት የማታህል ፍጥረት በመርከብ ሆኖ ይቆጥራል። የመርከቡ ሬዲዮ ግን ከጁምዓ ወዲህ ዝም ብሏል። እኔም ከበር መስኮት፣ ከመስኮት በር እላለሁ። የታችኛው ፎቅ ሰው በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ይደበድብብኛል፤ ይደብድብ!

ትናንት የሥራ ጓደኛው ዳዊት መጥቶ ያምናውን ጉዞ ወረቀት ዘረጋልኝ። መርከቡ ወደ ታች ድምፅ ይልካል፤ ክሪል ካለ ድምፁ ይመለስና ወረቀቱ ላይ ጥቁር ደመና ይሳላል።

«አዩ አባባ? መንጋው ይኸው!» አለኝ።

«ትሏን ከጨለማ ባሕር ውስጥ አገኛችኋት፤ ልጄን የያዘው ያን የሚያህል መርከብ ጠፋባችሁ?» አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

እኛ ሐይቃችን ላይ ታንኳ ሲዘገይ ዳር ቆመን ስም እንጠራለን፤ ሰውየው ይመልሳል። እዚህ ቶሮንቶ ወዴት ዞሬ ልጥራ?

ለይላ «አባባ፣ ቦታ አለቀ» ትለኛለች። ሙሐመድሰዒድንም፣ ጎረቤቱንም ሁሉ ሰላም በልልኝ። እናቱ በድሪያ ስለ ልጇ ከጠየቀችህ፣ ይመር ትናንት ድምፁን ሰምቶታል በላት። ውሸቱ በእኔ ይሁን።