በረኪና ያፈሰስኩባቸው ሴሎች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

የኔ ጌታ፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ልጅህ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እናትህም ጉልበታቸው ተሽሏቸዋል።

በክረምቱ አንድ እንግዳ ፕሮፌሰር ቤተ ሙከራችንን ሊጎበኙ መጡ። እኔ የሐር ትሎቹን ቅጠል ስከትፍ አገኙኝና፣ ሚስትህ መሆኔን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ለካ ስብሰባ ላይ ሰምተውሃል። የተጎዳ ዲኤንኤን የሚጠግነው ጂን ሲጠፋ የሐር ትል ሴሎች ጨረሩን መቋቋም አቅቷቸው እንደሚሞቱ፣ ጂኑ ሲመለስላቸው ደግሞ እንደሚተርፉ እንዴት አሳምረህ እንዳስረዳህ አጫወቱኝ። ያሳየኸውንም ምስል በስልካቸው አንስተውት ኖሮ አሳዩኝ። ጥጉ ላይ የማይክሮስኮፓችን ጭረት አለ። ያንን ምስል ያነሳሁት እኔ ነኝ።

“ይህን ሁሉ ብቻውን መሥራቱ ይገርማል” አሉኝ።

“አዎ፣ ጎበዝ ነው” አልኳቸው። በሰው ፊት ላዋርድህ አልፈለግኩም። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤትህ ልትሄድ ሰሞን ያንኑ ውጤት ሳሳይህ፣ ሴሎቹን የፈጃቸው እኔ ያስገባሁት ሻጋታ ነው አልክ፤ የተረፉትም በአጋጣሚ ነው አልክ። “እጅሽ ለዚህ ሥራ አይሆንም” ያልከኝ ትከሻዬን አቅፈህ ነበር። አመንኩህ። እንደ ልጅ ያሳደግኳቸውን ሴሎች ራሴ በረኪና አፍስሼባቸው ደፋሁ። ወደ ትል ማርቢያው ክፍል አዛውሩኝ ብዬ የለመንኩትም እኔው ነኝ።

ፕሮፌሰሩ በመጡ ማግስት ለአለቃችን ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸውም ነገሩ በወሬ አይፈታም፣ ድገሚውና እንየው አሉ። በበረዶ ከተቀመጡት ሴሎች ጥቂት አቅልጬ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ጂኑን ያጠፋሁባቸው በጨረሩ አለቁ፤ የመለስኩላቸው ቆሙ። አለቃችን ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩና፣ “ሻጋታው የታለ?” ብለው ጠየቁኝ።

አለቃችን ሁሉንም ለመሥሪያ ቤትህ ጽፈዋል። ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው ይህን የምጽፍልህ።

ስሜን መተውህን እችለው ነበር። ያንተ ይሁን ብትለኝ እሰጥህ ነበር፤ ታውቀኛለህ። ግን አልጠየቅከኝም፤ የማልረባ ነኝ ብዬ እንድኖር ተውከኝ። በደወልክ ቁጥር “ሥራ እንዴት ነው?” ትለኝ ነበር። ያ ነው ያንገበገበኝ።

ልጅህ አባዬ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ትጠይቀኛለች። እሱን አንተው ንገራት። ባለፈው በስልክ ስታስል ሰምቼሃለሁ፤ ችላ አትበለው፣ ሐኪም ጋ ሄደህ ታይ። ፈጣሪ ባለህበት ይጠብቅህ፤ ልብህንም ያቅናልህ።

የልጅህ እናት