ዕንባቆም ስልክ የማያነሳበት ምክንያት

ለውድ ወንድም ጋሼ ባሕሩ፣

እንደምን ከረሙ? ወገብዎ እንዴት አደረገዎት? ቁርጥማቱስ ከጾሙ ጋር ተደምሮ አላስቸገረዎትም? እትዬ ፋናዬስ፣ ልጆቹስ፣ ጎረቤቱስ ሁሉ ደኅና ነው ወይ? የለቀስተኛው ግርግር ቀለል አለላችሁ? እኛ ከእማዬ ሐዘን በቀር ሌላ ክፉ ነገር አልነካንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቼም ሰላም ብለውዎታል፣ ያው በስዊድንኛ ቢሆንም።

ባለፈው በስልክ ወንድማችን ዕንባቆም ምን ሆኖ ነው ስልክ የማያነሳው፣ ተቀየመን ወይ ብለው ጠየቁኝ። ለቅሶ ቀደመኝና ሳልመልስልዎት ዘጋሁት። በስልክ የሚያልቅ ነገርም አይደለም። ደግሞ ልቆጣ ነውና፣ ታላቅን በአፍ ከመቆጣት በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። ይታገሱኝ።

የሥራውን ነገር ካላወቁ ሐዘኑ አይገባዎትም። እማዬ ለጎረቤት "ልጄ የበረዶ ኳስ አለቃ ነው" ስትል ሰው ይስቅባት ነበር አሉ። እውነቷን ነበር እኮ። አባታችን ሞቶ፣ እሷ በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ተኝታ፣ እኛን አያታችን ስትወስደን ሕፃኑን ያቺ የሆስፒታሉ ስዊድናዊት ነርስና ባሏ ወደዚህ አምጥተው አሳደጉት። እዚህ እንደሚያድግ ልጅ ሁሉ እሱም በረዶ ላይ እየተንሸራተተ ሆኪ መጫወት ተማረ። ለስዊድኖቹ ሞርተን ነው፣ ለእኛ ግን ያው ዕንባቆም። ጎበዝ ተጫዋች ሆኖ ሳለ ጉልበቱ ተሰበረ። ከዚያ ልጆች አሰለጠነ፣ በየከተማው እየዞረ ተጫዋች መለመለ፣ ኋላም የአንድ ትልቅ ክለብ ስፖርትሼፍ አደረጉት። ስፖርትሼፍ አይጫወትም፣ አያሰለጥንም። ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ የሚቆርጠው ግን እሱ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ አሰልጣኙ ይመሰገናል፣ ሲሸነፍ እሱ ይሰደባል። ክረምቱን ጨዋታ፣ በጋውን ተጫዋች ፍለጋ ነው። በየዓመቱ ለከርሞ እመጣለሁ እያለ እማዬን ያስጠበቃት ለዚህ ነው። እሷም "በጋ የለው፣ ክረምት የለው፣ ይኼ ልጅ ምን ዓይነት ገበሬ ነው?" ትል ነበር።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ሰው ማሰናበት ነበር። ሌሎቹ በስልክ ይገላገሉታል። እሱ ግን ጋዜጠኛ ሳይቀድመው በማለዳ ተጫዋቹ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ከሚስቱ ጋር አስቀምጦ፣ በራሱ አፍ ይነግረው ነበር። እንባውንም ስድቡንም ተቀብሎ ነው የሚወጣው። አንድ ቀን እኔ ቤት ምሳ እየበላን ይኼን ሲያጫውተኝ፣ ይኼማ የኛ መርዶ ነው አልኩት። ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ እንደሚሄድ፣ ሰው ብቻውን ሆኖ ክፉ ወሬ እንዳይሰማ እንደምንጠነቀቅ ነገርኩት። ደስታውን ባዩ! ማንም ሳያስተምረው የእናቱን አገር ወግ ይዞ የኖረ መሰለው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሊያሰናብት ሲሄድ በዚያ ኮልታፋ አማርኛው "መርዶ አለብኝ" ይለኝ ጀመር።

ዘንድሮ ቡድኑ ተሸንፎ ተሸንፎ ጭራ ላይ ቀረና በጥር ወር እሱን አባረሩት። ማንም ቤቱ ድረስ አልመጣም። መኪና እየነዳ ከሬዲዮ ሰማው። ወንድም ጋሼ፣ ሰው እንዲያ ሲሰበር አይቼ አላውቅም። ለዚያ ክለብ እኮ ትዳሩን ሳይቀር ገብሯል። ሶለንቱና ሰፈር ካለው ቤቱ እየተመላለስኩ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ እሱ መስኮት መስኮቱን ያያል። ሲሰነብት ግን ቀና አለና፣ አሁን ጊዜ አለኝ፣ ለፋሲካ እማዬ ጋ ነኝ አለ። ቲኬቱንም የዚያኑ ዕለት ቆረጠ።

በየእሑዱ ሲደውል እማዬ ካልጋዋ ሆና "ልጄ" ትለዋለች፣ እሱም "እማዬ፣ ልመጣ ነው" ይላታል። ሌላ አማርኛ ብዙም የለው፣ እሷም ሌላ አልፈለገችም። መጋቢት ከገባ ወዲህ ግን እትዬ ፋናዬ ስልኩን እያነሱ "ኪዳነ ምሕረት ቅዳሴ ሄዳለች" ይሉት ጀመር። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ተረጎምኩለት። በእግሯ? አለኝ። ጾም ነው፣ እመቤቴ ብርታት ሰጥታት ይሆናል አልኩት። ምን ላውቅ! ካልጋ የማትነሳው እናቱ ቅዳሴ መሄድ ከቻለችማ ብሎ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ ለስላሳ ጫማ ገዛላት። ቁጥሯን ስለማያውቅ በኔ እግር አስለካ። በሚቀጥለው እሑድም ቅዳሴ፣ በሚቀጥለውም ቅዳሴ። እሱ እየዳነች ነው ብሎ ሲደሰት እናንተ ቀብራችኋት ነበር።

በክፋት እንዳልደበቃችሁ አውቃለሁ። ሥራውን አጥቶ የተጎዳ ሰው ነው፣ ሲመጣ በዘመድ መሐል ይረዳ፣ እኔንም፣ አክበረት ካወቀች ከሱ መደበቅ አትችልም ብላችሁ ነው። ወጉም ነው። እኔም አገር ቤት ብሆን እንዲሁ እመክር ይሆናል።

ያን ቅዳሜ በማለዳ እናንተ የደወላችሁላቸው አቶ ማስረሻና እዚህ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሰዎች ጥቁር ለብሰው የብሬዴንግ ቤቴን ደጅ አንኳኩ። ጩኸቴን የሰማው ጎረቤት ፖሊስ ሊጠራ ምንም አልቀረው። ለሱ አገር ቤት እስኪሄድ ድረስ አትንገሪው ብለው ለመኑኝ። እምቢ አልኩ። እንዳለቀስኩ ሁላቸውንም በባቡር ይዣቸው ሶለንቱና ሄድን።

በሩን ከፍቶ ሲያየን ምንም አልጠየቀም። በማለዳ ተሰብስቦ የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ እሱ አሳምሮ ያውቃል። ወንበር አቀረበልን። አቶ ማስረሻ በወጉ አረዱት፣ እኔ እያነባሁ ተረጎምኩ። መቼ ነው? አለ። ሦስት ሳምንት ሆኗታል አሉት። ወደኔ ዞሮም፣ "እሑድ እሑድ ቅዳሴ ስትሄድ የነበረችው ማን ናት?" አለኝ። ቀጥሎም፣ "ለባዳ ያላደረግኩትን ወንድሜ አደረገብኝ" አለ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰው።

ስልክ የማያነሳው ተቀይሞ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቤት የሚነገረውን ማመን አቅቶታል። ሲጠራ ቆሞ ያየዋል፣ እጁን ግን አይዘረጋም።

ቲኬቱን አልመለሰም፣ ይመጣል። እኔ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘሁ ብቻውን ነው። የሚለምንዎት አንድ ነገር አለ፣ እኔም በእማዬ አፅም እለምንዎታለሁ። አልቃሽ አትሰብስቡበት። እርስዎ ብቻዎን ሄደው ይቀበሉት፣ ቤት ይውሰዱት፣ እማዬ ከተኛችበት አልጋ አጠገብ ያስቀምጡትና ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሩት። ሕመሙ መቼ እንደጠናባት፣ ማን አጠገቧ እንደነበረ፣ መጨረሻ ምን እንደቀመሰች። ልጅዎ ሀኒ በእንግሊዝኛ ታስተርጉም፣ እሷም ሳታለዝብ። እማዬ ልጄ መጣ ወይ ብላ ጠይቃ እንደሆነ ይንገሩት። ሳትጠይቅ ሞታም እንደሆነ እሱንም ይንገሩት።

እትዬ ፋናዬን አልተቀየምኳቸውም፤ ያንን ቃል ካፋቸው ለማውጣት ምን ያህል እንደጨነቃቸው ይገባኛልና ጉንጫቸውን ሳሙልኝ። ሀኒን፣ ትምህርቷን እንዳትተው በሏት። እማዬን አገላብጣ ያስታመመቻትን ሚካልን እጆቿን ሳሙልኝ። ደብዳቤውን ያመጣልዎትን ከፍያለውንም ምሳ ሳይበላ እንዳትሸኙት። ሰላምታ ስጽፍ መጀመሪያ የማነሳው የእማዬን ስም ነበር፤ ዛሬ ከማን እንደምጀምር ጠፍቶኝ ብዙ ቆየሁ።

እህትዎ አክበረት
ብሬዴንግ፣ ስቶክሆልም
መጋቢት 28 ቀን 1998 ዓ.ም.