በስምሽ የሠራሁበት ካርድ ክፍል

ቅዳሜ፣ የካቲት 23 ቀን
ከቀኑ ስምንት ሰዓት

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ብዕር ሳነሳ እጄ እምቢ አለኝ። ጤናዬ ደህና ነው፤ ጉልበቴም ካለፈው ክረምት ይሻላል። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፊኬቴን ላኪልኝ ብለሽ ሦስት ጊዜ ደወልሽ። መጀመሪያ የሳጥኑ ቁልፍ ጠፋብኝ አልኩሽ። ቀጥሎ ሳጥኑ ጎረቤት ቤት ነው አልኩሽ። በሦስተኛው መስመሩ ይቆራረጣል ብዬ ዘጋሁብሽ። መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። የነርስ ረዳት ትምህርቱ በወሩ መጨረሻ እንደሚጀመር፣ ዋናው ወረቀት ካልቀረበ ቦታሽን ለሌላ ሰው እንደሚሰጡት ስትነግሪኝ አንድም ቃል አላመለጠኝም። የሰው ቤት ስትጠርጊ ኖረሽ በስንት ጊዜሽ አንድ ነገር ቢቃናልሽ እኔ እዋሽሻለሁ።

ሰርተፊኬትሽ ሳጥን ውስጥ አልነበረም። ሆስፒታሉ ነበር፣ በእኔ የሠራተኛ ፋይል ውስጥ።

አንቺ ወደ ውጭ አገር በሄድሽ በሦስተኛው ወር የሆስፒታሉ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። ለካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀች ይላል። ማንበቡን እችልበታለሁ። እንዴት እንደቻልኩ አንቺ ታውቂያለሽ፤ አንቺ የጨረስሽውን ደብተር፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ፣ የመድኃኒት ካርቶን እየለቀምኩ ነው። ሳልንተባተብ ያነበብኩት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ» የሚለው ነበር። ማንበብ ነበረኝ፣ ወረቀት አልነበረኝም። ለቤታችን የተገዛው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አንድ ነበር፤ የተሰፋውም በአንቺ ልክ ነበር። ለወቀሳ ብዬ አላነሳሁትም።

ያንቺን ወረቀት ግን «እዚያ ምን ያደርግልኛል» ብለሽ ከድሮ መታወቂያሽ ጋር ትተሽው ሄደሻል። ፎቶው ላይ ያለው ግንባርና አፍንጫ የሁለታችንም ነው። ይዤው ሄድኩ። ያን ዕለት የኮፒ ማሽኑ ተበላሽቶ ነበርና «ዋናውን ተዪው፣ ኮፒ ስናደርግ ትወስጂዋለሽ» አሉኝ። ልወስደው ብሄድ የሆነ ነገር የሚጠይቁኝ እየመሰለኝ ሳልወስደው አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። አሥራ አንድ ዓመት በስምሽ ተጠራሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሲጠሩኝ እኔን የሚጠሩ አልመስል እያለኝ ዝም ስል፣ ጆሮዋ ይከብዳታል ብለው እስከ ዛሬ ጮክ ብለው ነው የሚያናግሩኝ።

አሁን የመጣውን ልንገርሽ። ባንኩ፣ ስልኩ፣ ሆስፒታሉ ለውጭ ባለሀብቶች ክፍት ተደረገ ሲባል ተራ መጠበቂያው ላይ ባለው ቴሌቪዥን ሰማን። ወሬ ስለማያመልጠው «ሬዲዮ» የምንለው ባልደረባዬ «እኛን አይነካንም፤ ካርድ ክፍልን ማን ይገዛል?» አለ። ሁለት ወር ሳይሞላ የሆስፒታላችን ግማሽ ድርሻ ለውጭ ኩባንያ ተሸጠ። ሰዎቻቸው መጥተው በየወንበሩ፣ በየመደርደሪያው፣ በየሚዛኑ ላይ ቁጥር ለጠፉ። ሬዲዮ ከአንድ የተሰበረ ወንበር ላይ ቁጥሩን ልጦ ግንባሩ ላይ ለጠፈና «እኔንም መዝግቡኝ እንጂ፣ ከወንበሩ በምን አንሳለሁ?» አለ።

ሁላችንም ሳቅን። ዋና ነርሷ ግን «ወንበር ማስረጃ አይጠየቅም፣ አንተ ትጠየቃለህ» አለችው። የሁላችንም የትምህርት ማስረጃ ወደየወጣበት ትምህርት ቤት ተልኮ ሊጣራ ነው። የጣት አሻራም እንሰጣለን።

ክፉ ናቸው ብዬ አልዋሽሽም። ራጅ ለመነሳት ሦስት ወር ይጠብቅ የነበረው ሕዝብ አሁን በሳምንት ይነሳል። ሽንት ቤቱ ውኃ አለው። ስለዚህ እነሱን ልጥላ ብል እንኳ አልቻልኩም፤ መፍራት ብቻ ነው የቀረኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ከኩባንያው የመጣች ተቆጣጣሪ ሰዓት ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ያገራችን ልጅ ናት፣ ትሑት። አንድ ሽማግሌ ቀረቡ።

«የካርድ ቁጥር አለዎት አባባ?» አልኳቸው።

«ነበረኝ። ልጄ ከሱሪዬ ጋር አጠበችው።»

ተቆጣጣሪዋ ስማቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፈው አርባ ምናምን ሰው ወጣ። እኔ እንደልማዴ ጠየቅኳቸው።

«ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጡ ምን ሆነው ነበር?»

«ከመሰላል ወድቄ።»

«ማን አመጣዎት?»

«አናጢው ጎረቤቴ፣ በጋሪ። መብራት የለም ተብሎ ሐኪሙ በእጅ ባትሪ ነው ያየኝ።»

መብራቱ ለሳምንት የጠፋው ከሰባት ዓመት በፊት፣ በክረምት ነው። ያኔ ነጩ ካርድ አልቆብን በሰማያዊ ነበር የምንጽፈው። ሰማያዊዎቹ መስኮቱ ሥር ናቸው። ሄጄ አመጣሁት። ተቆጣጣሪዋ ሰዓቷን አቆመች።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ይህን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባውን ቡድን የሚመሩት እርስዎ ነዎት። ሰኞ የእርስዎን ፋይል ከሁሉም አስቀድሜ ነው የምልከው።»

«እሰይ! አለቃ ወጣልን!» ብሎ ሬዲዮ አጨበጨበ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሥራዬን ባላውቀው ኖሮ ፋይሌ ከሦስት መቶ ሰው ፋይል ጋር ተራውን ይጠብቅ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ከመዝገቡ ላይ ያንቺን ፎቶ ይልካል፤ ከእኔ አሻራ ጎን ያስቀምጡታል። እኔ መባረሬን ለመድኩት፣ ሌሊት ሌሊት አስቤበታለሁ። ነገር ግን ወረቀትሽ ላይ የማጭበርበር ማህተም አርፎበት በመዝገብ ከገባ፣ ነገ የአንቺ ትምህርት ቤት ሲጠይቅ ምን ይባላል? ይህን አስቤ ሐሙስ ዕለት ሰው ኃይል ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው አዛውንት ናቸው።

«ሰርተፊኬቱን ፈልጌ ነው» አልኳቸው።

«ሰኞ ሊላክ ነው እኮ። አሁን ምን ያደርግልሻል?»

የተዘጋጀ ውሸት ነበረኝ። አፌን ስከፍት ግን ሌላ ወጣ።

«የእኔ አይደለም። የእህቴ ነው።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«ታዲያ አንቺ ማን ነሽ?»

ስሜን ነገርኳቸው። እዚያ ግቢ ውስጥ ስሜን ጮክ ብዬ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። የሞተ ሰው ስም መሰለኝ።

«የቅጥር ደብዳቤሽን የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ ዝግ ብለው። «እኔንም ገደል ከተትሽኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ።»

«ይቅርታዬ ሰኞ ምንም አይሠራልሽም።» ፋይሉን ፈትተው ወረቀትሽን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፉት። «የሰው ንብረት ነው፣ ለባለቤቱ ይድረስ። ሰኞ ግን ጠፋ አልልም። የት ሄደ ሲሉኝ አስጠራሻለሁ። በየትኛው ስም እንደማስጠራሽ እግዜር ይወቅ።»

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በር ሲንኳኳ ሊይዙኝ የመጡ ይመስለኛል፤ ትናንት የውኃ ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ «ምነው፣ ጅብ ያየሽ መሰልሽ?» አለኝ። መጥፋትንም አስቤ ነበር። ልብሴን ጠቅልዬ አውቶቡስ መሳፈር። ነገር ግን እኔ ብጠፋ በመዝገቡ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው፤ ተፈላጊ የምትሆኚው አንቺ ነሽ። የቀጠሩኝ ኃላፊም ብቻቸውን ይጠየቃሉ። ስለዚህ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ እዚያው እገኛለሁ፣ ሳይጠሩኝ።

የዋና ነርሷ እህት ነገ ወደዚያ ስለምትበር ሰርተፊኬትሽንና ይህን ደብዳቤ በእጅሽ ትሰጥሻለች። ሰርተፊኬቱ አንድ ጥግ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ፋይል ላይ ሲታሠር የተበሳ ነው፣ ጽሑፉን አልነካውም። ከዚህ ደውሎ የሚጠይቅሽ ሰው ካለ እውነቱን ተናገሪ፤ አላውቅም ነበር በይ። ለእኔ ብለሽ አንድም ቃል እንዳትዋሺ። ሰው ካላመነሽ ይህን ደብዳቤ አሳዪው።

ማክሰኞ ከሰዓት ደውዪልኝ። ካላነሳሁ አትደንግጪ፤ ፖሊስ ጣቢያ ሲያስገቡ ስልክ ተቀብለው ያስቀምጣሉ ይባላል። ወፍራሙን ሹራቤን፣ ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ በፌስታል አድርጌ በሩ ጎን አስቀምጫለሁ። ምናልባትም አያስፈልገኝም፤ ምናልባት ተቆጥተው ብቻ ይሸኙኝ ይሆናል። አንቺ ግን ትምህርትሽን ጀምሪ። ክፍል ስትገቢ ከፊት ተቀመጪ።

የምትዳስሻቸውን በሽተኞች ሁሉ እግዚአብሔር በእጅሽ ይማርልሽ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ወሬ ይሰውርሽ።

ታላቅ እህትሽ